ባዶውን የተመለሰው አገልግል

በእኛ ሰፈር አገልግል ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት ምግብ ልኮ እንደሆነ፣ ዕቃው ሲመለስለት ቢያንስ አንድ እፍኝ ማሾ፣ እርሱም ካልተገኘ ሁለት ሦስት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። ይህን ማንም ለልጁ አስቀምጦ አያስተምረውም፤ ልጅ ዕቃ ሲያመላልስ ያድግና ያውቀዋል። ዕቃ ባዶውን ወደ ላኪው የሚመለሰው ተቀባዩ በሕይወት በሌለ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜም አምጪው በሌላ ሰው እጅ ያደርሰዋል እንጂ ፊት ለፊት አይሰጥም። ይህን አስቀድሜ የተናገርሁት፣ ባለፈው ታኅሣሥ በሸዋ ሮቢት አንዲት እናት በአንድ ባዶ አገልግል ፊት ለምን እንደዚያ እንደ ደረቀች ለአንባቢ እንዲገባው ብዬ ነው።

ስሜ አብዱረሂም ይባላል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በፖስታ ቤት ነው፤ በሹምነት አገልግዬ በጡረታ ተገልያለሁ። ከመምህሮቼ የተማርሁት ቀጥ ያለ ጽሕፈት እስከ ዛሬ አልተጣመመም፤ ወገቤም እንዲሁ። በሰፈራችን ሩቅ የሚሄድ ጥቅል ያለው ሰው ሁሉ አሁንም ወደ እኔ ያመጣል። እኔም አንድም ጊዜ እምቢ ብዬ አላውቅም።

ዘምዘም ከአጥሬ ቀጥሎ የምትኖር፣ ባሏ ሷሊሕ የሞተባት፣ በገበያ ማሾ የምትነግድ ሴት ናት። ያላት አንድ ልጅ ነው። ሙዐዊያ ይባላል፤ ወታደር ነው። ከሰላም አስከባሪው ጦር ጋር ወደ ደቡብ ሱዳን ከዘመተ ወዲህ እናቱ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ አታውቅም። ወደዚያ ስንቅ የሚሄደው በሰው እጅ ነው፤ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ጦሩ የሚመለስ ወታደር ሲገኝ። ባለፈው ነሐሴ የተገኘው ፈይሰል ነበር። እርሱ የጀውሃ ልጅና የሙዐዊያ የድንኳን ጓደኛ ሲሆን፣ እናቱ ሪሀና በአውራ ጎዳናው ዳር ምግብ ቤት አላት።

ስንቁን ያሰናዳነው በእኔ በረንዳ ላይ ነው። አገልግሉ የዘምዘም አማት ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ሲሄዱ ስንቃቸውን ይይዙበት የነበረ፣ ቆዳው በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ግን አንድ ስፌቱ ያልተተረተረ ዕቃ ነው። ዘምዘም ሽሮና ዳቦ ቆሎ አመጣች። የማዶዋ ጎረቤታችን ሐረገወይን ደግሞ በሶ ይዛ መጣች፤ መጥታም የሽሮውን ከረጢት አሸተተች።

«ነጭ ሽንኩርቱን አበዛሽው።»

«ልጄ የሚወደውን የማውቅ እኔ ነኝ» አለች ዘምዘም።

«እንግዲያው ጥይት ምን ያደርግላቸዋል? ጠላት ሲመጣ ከረጢቱን መፍታት ነው።»

«አንቺ በሶሽን አስቀምጪና ሂጂ!»

«ቋንጣ ባመጣ ነበር ደስ የሚለኝ። ምን ላድርግ፣ የእኔን ሥጋ ሙዐዊያ አይበላ፣ የአንቺን እኔ አልበላ፤ በሶ ላይ ተገናኘን። ጋሼ፣ ይዝጉት እንግዲህ፣ ይህ ሽታ ወደ መንገድ ሳይወጣ።»

ዘጋሁት። በነጭ አቡጀዴ ጠቅልዬ ዙሪያውን በመርፌ ሰፋሁት፤ በስፌቱ ላይ ቀይ የማሸጊያ ሰም አቅልጬ አፈሰስሁበት፤ ከላይም በጉልህ ጽሕፈት «ለአሥር አለቃ ሙዐዊያ ሷሊሕ» ብዬ ጻፍሁ። ፈይሰል ሊወስደው ሲመጣ አገላብጦ አየውና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይህን ያህል ምን አሰፋዎት? እኔ እኮ አልሰርቅም።»

«አንተን ጠርጥሬ አይደለም። ደንብ ነው።»

ዘምዘም አገልግሉን በሁለት እጁ ላይ አኖረችለት። «አማና ነው፣ ልጄ» አለችው።

«አማናው በአንገቴ፣ እትዬ።»

«አገልግሏም አማና ናት፤ የአማቴ ናት።»

«እርሷንም ይዤ እመጣለሁ» አለ፤ ሄደም።

እርሱ በሄደ ሳምንት ሙዐዊያ ለእናቱ ደወለ። ስንቁ ገና አልደረሰውም ነበር። ወደ ሌላ የጥበቃ ቦታ ሊዛወሩ መሆኑን፣ እዚያ ኔትወርክ እንደሌለ፣ ድምፁ ቢጠፋ እንዳትሠጋ ነገራት። ከዚያ በኋላ አልደወለም። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር እንዲሁ አለፉ። ዘምዘም ለሰው «ኔትወርክ የለም ብሎኛል» ትላለች፤ ማታ ማታ ግን ስልኩን ይዛ ከግቢዋ ወዲያ ወዲህ ስትል በአጥሩ በኩል አያታለሁ።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዘምዘም በደጇ ማሾ ታበጥራለች፤ እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጫለሁ። የሰፈራችን ባለ ባጃጅ ኢልያስ ጡሩንባውን እየነፋ መጥቶ ከበሯ ላይ ገተረ።

«እትዬ ዘምዘም! የምሥራቼን አምጡ!»

በእጁ የያዘው አገልግሉ ነበር። በእኔው አቡጀዴ ተጠቅልሏል፤ ሰሙ ግን ተሰብሮ ጨርቁ በሲባጎ ታስሯል። ዘምዘም እልል አለች። ሐረገወይን ከማዶ እልልታውን ተቀብላ እየሮጠች መጣች። ዘምዘም ሲባጎውን ፈታች፣ ክዳኑን አነሣች፣ እልልታዋም አቆመ። ዓይኗን አላመነችውምና እጇን አስገብታ ውስጡን ዳበሰች። ምንም አልነበረበትም።

«ማን ሰጠህ?» አለችው ኢልያስን።

«ያ የጀውሃው ፈይሰል ነዋ። ከአዲስ አበባ በመጣው ሚኒባስ ላይ፣ በመናኸሪያው፣ አገልግሏን በጭኑ አቅፎ አየሁት። በጋሼ ጽሕፈት አወቅኋት። እኔ አሁኑኑ አደርሳታለሁ ብዬ በመስኮት ተቀበልሁት።»

«ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝም።»

«ሙዐዊያ እንዴት ነው አላልኸውም?»

«ብያለሁ፣ እትዬ። መኪናው ተነሣ። እጁን ብቻ እንዲህ እንዲህ አደረገ።»

«ፊቱስ?»

ኢልያስ መሬት መሬት አየ። «ፊቱን አዞረ» አለ።

ዘምዘም አላለቀሰችም። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና አገልግሉን በጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ማሾው በሰፌዱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሐረገወይን እጄን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ። «ጋሼ አብዱረሂም፣ ምን ይሻላል? ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎቹን ይሰብስቡና እንደ ወጉ ይነገራት እንጂ።»

«ምኑ ነው የሚነገራት?»

«አይተዋል እኮ። ባዶ ነው። አምጪው ፊቱን አዙሯል። መርዶ ካልያዘ ሰው ፊቱን ለምን ያዞራል?»

«ያላረጋገጥሁትን መርዶ በአፌ አላወጣም» አልኋት። ድምፄ ጽኑ ነበር፤ ልቤ ግን እንደ ድምፄ አልነበረም። በሥራ ዘመኔ ተቀባያቸው ታጥቶ የተመለሱ የወታደር ጥቅሎች በእጄ አልፈዋል፤ እንዴት እንደሚከብዱ አውቃለሁ። የፈይሰልን ስልክ ሞከርሁ፤ ዝግ ነው። «ጀውሃ ሄጄ ከራሱ አፍ ሰምቼ እመለሳለሁ» አልሁ።

ዘወር ስል ዘምዘም ከኋላዬ ቆማለች፤ አገልግሉን አልለቀቀችም።

«ጋሼ፣ ልጄ ጥቅል አይደለም፤ አንቱ አይረከቡልኝም። እኔው እሄዳለሁ።»

ሦስታችንም ሄድን። ሐረገወይን ወደ ቤቷ ብቅ ብላ አንድ ጥቁር ፌስታል ይዛ መጣች። በሚኒባሱ ውስጥ የፌስታሉ አፍ ሲከፈት የሐዘን ነጠላ ጫፍ አየሁ። እርሷም ማየቴን አየችና ፌስታሉን ቋጠረችው። ረዳቱ መጥቶ ዘምዘምን፣ «እናቴ፣ አገልግሏን ከኋላ ላድርጋት፤ ይመቻችሁ» አላት።

«ተዋት።»

«ምን ቢኖርባት ነው እንዲህ የታቀፏት?»

«ምንም የለባትም» አለች ዘምዘም። ረዳቱም ሒሳብ ወደ መሰብሰቡ ዞረ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆላው ማሽላ ታጭዶ አገዳው ተከምሯል፤ እርሷ ግን ከጀውሃ እስክንደርስ የፊት መስተዋቱን ብቻ ታይ ነበር።

በሪሀና ምግብ ቤት ደጅ የጭነት መኪኖች ተደርድረዋል። ሪሀና ከሩቅ አይታን እጇን ዘርግታ መጣች። «አህለን፣ አህለን! ልጄ በሰላም ገባልኝ! ግቡ፣ ከቤት ግቡ» እያለች ሳለ ዓይኗ በአገልግሉ ላይ ዐረፈ። ፊቷ ተለወጠ። «ፈይሰል! ና ውጣ!» ብላ ጮኸች።

ፈይሰል ከጓሮ ወጣ። እኛን አየ፤ አገልግሉን አየ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዘምዘም በሐረገወይን ትከሻ ላይ ተደገፈች።

«እጅህን አውርድ» አልሁት። «ሌላው ሁሉ ይቆይ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ሙዐዊያ በሕይወት አለ ወይስ የለም?»

«ማን? ሙዐዊያ?» ፈይሰል ከአንዳችን ወደ አንዳችን ተመለከተ። «አለ እንጂ! ምን ሆነ ብለው ነው? ከተለያየን ሳምንት አልሆነንም።»

«ሊያጽናናኝ ነው» አለች ዘምዘም፣ ለእርሱ ሳይሆን ለእኔ።

«ወላሂ አለ፣ እትዬ!»

«ለማጽናናትም ወላሂ የሚል አለ።»

ፈይሰል ጨነቀው። ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፤ ከዚያም አንድ ነገር ትዝ አለውና፣ «ይቆጡኛል ብዬ ነው እንጂ የላከውን መልእክት ልንገርዎት» አላት። «'እናቴን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ቀንሺ በላት፤ ከረጢቱ የተፈታ ቀን የመቶ አለቃው ድንኳን ለቀው ከውጭ አደሩ በላት' ብሏል።»

ዘምዘም ቀጥ ብላ ቆመች።

«እንዲህ አለ?»

«እንዲህ አለ። 'ሐረገወይን አሽትታዋለች ወይ ብለህ ጠይቃት፤ አሽትታው ከሆነ ሳትነግራት አትቀርም' ብሏል ደግሞ።»

«ባለጌ!» አለች ዘምዘም። «እጄ እስኪላጥ የላጥሁለትን! ያን ሁሉ ያደረቅሁለትን! አንቺ ደግሞ አትሳቂ!» አለች ወደ ሐረገወይን ዞራ። ሐረገወይን ግን እየሳቀች አልነበረም፤ ታለቅስ ነበር። ዘምዘምም እርሷን ስታይ እንባዋ መጣ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች እዚያው ከደጁ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የመኪና ነጂዎቹ ጉርሻቸውን ይዘው ያዩን ነበር። እኔም ወደ ጭነት መኪኖቹ ዞሬ ጥቂት ጊዜ ሰሌዳቸውን አነበብሁ።

ከዚያ በኋላ ነው አገልግሉ ስለ ምን ባዶውን እንደ መጣ የጠየቅሁት።

ፈይሰል እንዲህ ሲል ነገረን። በሰፈሩበት አገር ሴቶች ውኃ የሚቀዱት ከሩቅ ነው፤ መንገዱም ያስፈራል። ጦሩ አጅቦ ይወስዳቸዋል፣ አጅቦ ይመልሳቸዋል። ሙዐዊያ ከስንቁ በሶውን እየበጠበጠ ለአንዲት ሴት ልጆች ይሰጥ ነበር። ሴቲቱም ይህ ምግብ ከየት እንደ መጣ በአስተርጓሚ ጠየቀችው፤ እናቱ እንደ ላከችለት፣ አገሩም የማሽላ አገር እንደሆነ ነገራት። አዝመራው ሲሰበሰብ፣ ፈይሰልም ግዳጁን ጨርሶ ሊመለስ ሲል፣ ሴቲቱ መጥታ አገልግሉን ተቀበለችና የራሷን ማሽላ አፉ ድረስ ሞላችው። «ልጆቼን ላበላች እናት ዕቃዋ እንዴት ባዶውን ይሄዳል?» አለች።

«ታዲያስ?» አለች ዘምዘም።

«አውሮፕላን ጣቢያው ላይ የዕፅዋት ተቆጣጣሪው ከፈተው። ከውጭ አገር ዘር ያለ ፈቃድ አይገባም አለ። ለመንሁት፣ እትዬ። እናት ናት የምትጠብቀው አልሁት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ እርሱም አዝኖ ነው የገለበጠው። አማና ተቀብዬ ባዶ ዕቃ ለእናት ልስጥ? ወደ ቤት ይዤው ልሂድ፣ ማር ገዝቼ ሞልቼበት ዓርብ ላምጣው ብዬ ነበር። ያ ባለ ባጃጅ በመስኮት ነጠቀኝ! ሙዐዊያስ ሲለኝ 'ደህና ነው' ብዬ እጄን አወዛወዝሁ፤ ሞተሩ ዋጠው። ፊቴን ያዞርሁት ሐፍረት ይዞኝ ነው።»

ሪሀና ልጇን ትከሻውን መታችው። «አንተ ሐፍረት ያዘህ ብለህ የሰው እናት ልትገድል?»

«ተዪው» አለች ዘምዘም። «እኔ ብሆንም አፍር ነበር።»

ተቆጣጣሪውን እኔ አላማሁትም። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም እገለብጠው ነበር፤ ደንብ ለእናትም ለአባትም አንድ ነው። ነገር ግን ሰውዬው የእኛን አገልግል አያውቅም። ደረቅ እህል ሲሞላበት በስንደዶውና በቆዳው መካከል ይገባል፤ ገልብጠው ካልመቱት አይወጣም። «ከሥሩ የሚነጠፍ ጨርቅ አምጡ» አልሁ።

ሐረገወይን ጥቂት አመነታች። ከዚያም ፌስታሉን ፈትታ ጥቁሩን ነጠላ አወጣችና በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይህን ደግሞ ለምን ይዘሽው ወጣሽ?» አለች ሪሀና።

«ለዚሁ ነዋ፣ ለምን ይሆናል?» አለች ሐረገወይን።

አገልግሉን ደፍቼ በመዳፌ ግርጌውን መታሁት። መጀመሪያ አቧራ ወረደ። ደግሜ መታሁ። ነጫጭ የማሽላ ፍሬዎች በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ተንጠባጠቡ፤ ብዙ አልነበሩም፣ ከጭብጥ ያነሱ ናቸው፤ በጥቁሩ ላይ ግን አንዱም ሳይቀር ይታይ ነበር። ዘምዘም ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

«እርሱ ነክቷቸዋል?»

«ሴትዮዋ ስትሞላው አገልግሏን ይዞላት የነበረ እርሱ ነው» አለ ፈይሰል። «በእጁ እየደለደለ ነው ያስጨመራት።»

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ዘምዘም፣ ደስታሽ ደስታዬ ነው። ነገር ግን በሕጉ መሠረት ይህ ዘር በእኛ መሬት ላይ መውደቅ የለበትም።»

«ማን መሬት ላይ ይጥለዋል፣ ጋሼ?» አለች። ቢስሚላህ ብላ አንዲት ፍሬ አነሣችና ከአፏ ጨመረች። ስታኝክ ሁላችንም አየናት። ከዋጠች በኋላ መዳፏን ዘርግታ፣ «ስሟን የማላውቃት እኅቴ፣ ቤትሽ ይሙላ፤ ልጆችሽን ውኃ አይጥማቸው፤ ልጄንም ከልጆችሽ ጋር አላህ ይጠብቅልን» አለች። ሁላችንም አሚን አልን። ከዚያ ለእያንዳንዳችን በእጇ አደለችን፤ ለሪሀና፣ ለፈይሰል፣ ለሐረገወይን፣ ለእኔ። ከጨርቁ ላይ አንዲት ፍሬ አላስቀረችም።

ሐረገወይን አማትባ ጎረሰች። «እህል መሆኑ በጀኝ» አለች እያኘከች። «ሥጋ ቢሆን ኖሮ የእኔ ድርሻ ማየት ብቻ ነበር።»

ልንነሣ ስንል ሪሀና አገልግሉን ከእጄ ወሰደች። «ከእኔ ቤት ባዶዋን አትወጣም» ብላ ትኩስ ዳቦ ቆራርሳ ሞላችው፤ በላዩም ሎሚ ጨመረችበት። ስንመለስ የገጠመን ያው ሚኒባስ ነበር። ረዳቱ አገልግሉን አይቶ፣ «አሁንስ ምን አለባት?» አለ። ዘምዘም ከፍታ አንድ ቁራሽ ሰጠችው። መንገዱን ሁሉ ስለሚቀጥለው ስንቅ ነበር የምታወራው። ለሙዐዊያ አንድ ከረጢት፣ ለዚያች ሴት ልጆች ደግሞ ሌላ የበሶ ከረጢት ይሰናዳል ትላለች።

«ነጭ ሽንኩርቱንስ ትቀንሺለታለሽ?» አለች ሐረገወይን።

«እጨምርበታለሁ እንጂ! የመቶ አለቃውም ይልመደው!»

እኔ ግን በዚህ ጨዋታ አልገባሁም። ጥርሶቼ ከዕድሜዬ ቀድመው ጡረታ ወጥተዋልና የማሽላዋን ፍሬ መስበር አልቻልሁም። መትፋት የማይሆን ነገር ነው፤ እንዳለች መዋጥም አልወደድሁም። ስለዚህ በጉንጬ ይዣት፣ እስክትለሰልስ እየጠበቅሁ፣ አፌን ገጥሜ ተቀመጥሁ።

ኢልያስ በመናኸሪያው ይጠብቀን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው እንዳልጫነ ኋላ ነገሩኝ። ከሚኒባሱ ቀድሜ የወረድሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሰማችሁ?» አለኝ።

አፌን መክፈት አልቻልሁምና አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁለት። ከኋላዬ ሐረገወይን ጥቁሩን ነጠላ በክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች። ኢልያስ ይህን ሲያይ በባጃጁ መሪ ላይ ተደፍቶ ይንሰቀሰቅ ጀመር።

«ምን ያስለቅስሃል?» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። ዘምዘም አገልግሉን ታቅፋ ከበሩ ላይ ቆማለች። «ሰው ነገሩን ሳይጨርስ ዕቃ የምትነጥቅ! ልጄ ደህና ነው! ያዝ፣ ይህን ብላና አድርሰን!»

ኢልያስ እያለቀሰ ዳቦውን ተቀበለ፤ እያለቀሰም እየሳቀም እየበላ አደረሰን። በመንገድ ሰላምታ ለሰጡኝ ሰዎች ሁሉ በአንገቴ ብቻ መለስሁ። «ጡረታ ከወጣ በኋላ ይባስ ኮራ» ብለውኝ ይሆናል።

ከደጄ ስደርስ ፍሬዋ ለስልሳ ነበርና በፊት ጥርሴ ሰበርኋት። ከእኛው ማሽላ ልዩነት አላገኘሁባትም። አልሐምዱሊላህ ብዬ ገባሁና ለሚቀጥለው ስንቅ የማሸጊያውን ሰም ካኖርሁበት ሣጥን አወጣሁ።